አስቀድሞ የከፈለ አበዳሪ ነው

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን በር ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ የሚሰለፈውን ሰው ልብ ብላችሁታል? አብዛኛው ስኳር ወይም ዘይት ሊገዛ አይደለም የሚቆመው። ካርድ ሊሞላ፣ ጥቅል ሊገዛ ነው። ባለፈው ወር እዚያው ሰልፍ ላይ አንዲት የሰፈራችን እናት ቆመው ነበር። ለቤታቸው ኢንተርኔት በየወሩ የሚከፍሉትን ብር በመሐረብ ቋጥረው፣ ቆጥረው ነው የመጡት። ባለሱቁ ልጅ ቁጥሩን አስገባና «እናቴ፣ አልበቃም ይላል» አላቸው።

«እንዴት አይበቃም? ባለፈው ወር በቅቶ ነበር እኮ!»

ልጁ መልስ አልነበረውም። መቼ እንደጨመረ እሱም አያውቅም። እናታችን ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ሁልጊዜ ጁሙዓ ማታ በኢሞ ትደውላለች። ስለዚህ ባለቻቸው ብር ትንሿን የሳምንት ጥቅል ገዝተው ሄዱ። እኛም ከኋላቸው ተራችንን እየጠበቅን ነበርና ነገሩ ሲያብሰለስለን ሰነበተ።

ቅድመ ክፍያ ማለት ምን ማለት ነው? በድህረ ክፍያ የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ ይደውላል፣ ወሩ ሲያልቅ ይከፍላል። እዚያ ላይ አበዳሪው ድርጅቱ ነው። በቅድመ ክፍያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገና ያልተደወለ ስልክ፣ ገና ያልታየ ትምህርት ዋጋው ዛሬ ይከፈላል። ድርጅቱ ብራችንን ይዞ ያድራል፣ እኛ ቃሉን ይዘን እናድራለን። የአንድ ሰው መቶ ብር ትንሽ ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ሰው መቶ መቶ ብር ሲሞላ ግን መቶ ሚሊዮን ብር ነው፤ ያውም ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ፊርማ የተሰጠ ብድር! ታዲያ ይህን ያህል ያበደረ ሕዝብ ዋጋ ሲጨመር እንደ ለማኝ በር ላይ ቆሞ የሚሰማው ለምንድን ነው?

እንዲህ ያለ ውል ለገበያችን እንግዳ አይደለም። ገበሬው ማሳው ሳይታጨድ ብር ይቀበልና ስንዴ ሊያስረክብ ይዋዋላል። ፊቅህ የቀሩ ወንድሞቻችን ሰለም ይሉታል፤ ሸርጡንም ያውቁታል። ብሩ አስቀድሞ ከተከፈለ የእህሉ ዓይነት፣ መጠኑና የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦ መታወቅ አለበት። ብሩን የበላ ሰው በመኸር መጥቶ «ዘንድሮ እህል ስለተወደደ ከአምስቱ ኩንታል አራቱን ውሰድ» ቢል የሚፈርድበት ሽማግሌ አይጠፋም። የስልክ አገልግሎት ስንዴ አይደለም፣ በሸሪዓም በዚያው ስም እንደማይጠራ እናውቃለን። ነገር ግን ብር አስቀድሞ የተቀበለ ሰው የሚሸከመው አደራ ያው ነው።

ፍትሕ የምንጠይቅ ሰዎች የሌላውንም ወገን መስማት አለብን። ዋጋ ሲቀንስም አይተናል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ጥሪን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ ብሮድባንድን 54 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ኢንተርኔት አስገባን። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። አንቴናው፣ ፋይበሩ፣ ማሽኑ ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ስለዚህ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ድርጅቱ በብዙ አገልግሎቶቹ ላይ «የዋጋ ማስተካከያ» ሲያደርግ ምክንያት አልነበረውም አንልም። (ዋጋ ሲወርድ «ቅናሽ» ይባላል፤ ሲወጣ ግን «ማስተካከያ» ይሆናል። ይህም አንድ ነገር ነው።)

ነገር ግን ሒሳቡን እንይ። የኢትዮ ቴሌኮም ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ደረሰ። ጭማሪው ሁሉ ከእኛ ኪስ በታሪፍ ብቻ የመጣ ነው አላልንም። ቴሌብርም አለበት፣ አዳዲስ ደንበኞችም አሉበት፣ የብር መውደቅም አለበት። ሆኖም ገቢው በአንድ ዓመት እንዲህ ያደገ ድርጅት ለደንበኛው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ያቅተዋል ተብሎ አይታሰብም።

«ተወዳዳሪ መጥቷል፣ ያልተመቸው ወደዚያ ይሂድ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሳፋሪኮም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ሲም መቀየር ለወጣት ቀላል ነው። ግን ሽቦው ግድግዳ በስቶ ቤቱ የገባለት፣ ቁጥሩን ዘመድ አዝማድ ለሃያ ዓመት የሚያውቀው ሽማግሌ ምን ይዞ ይሂድ? የቤት ስልክና የቤት ኢንተርኔት እንደ ሸሚዝ የሚቀያየር ነገር አይደለም።

ደግሞ ጭማሪ ሁልጊዜ ቁጥሩ ከፍ ብሎ አይመጣም። አንዳንዴ ብሩ ያው ሆኖ ጊጋ ባይቱ ይቀንሳል። አንዳንዴ ሠላሳ ቀን የነበረው ያንሳል። አንዳንዴ የለመድነው ጥቅል ከዝርዝሩ ይጠፋና ቀጥሎ ያለው ብቻ ይቀራል። ዳቦ ቤቱ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን ሲያሳንሰው ሁላችንም ወዲያው እንናገራለን፤ ዳታ ግን አይመዘንም፣ በእጅ አይያዝም፣ ስለዚህ ዝም እንላለን።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በድሃው ላይ ነው። የወር ጥቅል የሚገዛ ሰው ለአንድ ሜጋ ባይት የሚከፍለው የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል ከሚገዛው ያነሰ ነው። ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ሰው በጣሳ ከሚገዛው በርካሽ እንደሚያገኘው ማለት ነው። እናታችን የወሩ ዋጋ ሲጨምርባቸው ወደ ሳምንቱ ወረዱ፤ የሳምንቱን አራት ጊዜ ሲገዙ ደግሞ ከወሩ በላይ ከፈሉ። ጭማሪው ሁለት ጊዜ መታቸው። ያውም ልጃቸው ሰው ቤት ሠርታ ከምትልከው ሪያል!

ስለ ቀኑም እናንሳ። ጥቅሉ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል፤ የተረፈው ብራችን የት እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቅ ማን ነው? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ የወር የከፈለ ሰው ቀኑ መቆጠር ነበረበት ወይስ መቆም? የከፈልነው ለአገልግሎት ነው። አገልግሎት በሌለበት ቀን የሚቆጠር ቀን ሊኖር አይገባም፤ ማን እንዳቋረጠው የእኛ ጉዳይ አይደለም።

«ስልክ ቅንጦት ነው፣ ትንሽ ቢጨምር ምን አለበት?» የሚል ወንድም ካለ የጀናዛ ጥሪ ያስታውስ። ከሱብሒ በኋላ ሰው ከሞተ ዙህር ላይ ይቀበራል። በዚያች አጭር ጊዜ መቃብር የሚቆፍሩት፣ ከፈን የሚገዛው፣ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የሚጠራው በስልክ ነው። ቀሪ ሒሳብ የሌለው ሰው የወንድሙን ጀናዛ ሳይሰግድ ይቀራል። የመድረሳ ልጆቻችንም የትምህርት ቤት ሥራቸውን የሚልክላቸው መምህር በቴሌግራም ነው የሚልከው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ማግስቱን ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። ዋጋ ከመጨመሩ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገር፤ አሮጌው ዋጋና አዲሱ ጎን ለጎን፣ አሮጌው መጠንና አዲሱ ጎን ለጎን ተጽፎ። አስቀድሞ የተከፈለ ጥቅል እስከ መጨረሻው ቀን በተከፈለበት ውል ይጠናቀቅ። የተረፈው ወደሚቀጥለው ይዙር። መስመር የተቋረጠበት ቀን ሳይጠየቅ ይጨመር። የቤት ኢንተርኔት ለሚጠቀሙ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች አንድ ዋጋው የማይነካ ዝቅተኛ የወር ጥቅል ይኑር። ይህ የመጨረሻው ይከብዳል የሚል ካለ እንነጋገር፤ የቀሩት ግን ክርክር የሚያስነሱ አይመስሉንም።

ይህን የምንጠይቅበት በርም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ድርጅቶቹን እንዲቆጣጠር፣ የተጠቃሚውንም መብት እንዲጠብቅ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ቅሬታው አስቀድሞ ለድርጅቱ ይቀርባል፣ መልስ ካልተገኘ ወይም መልሱ ካላረካ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል። በሱቅ ደጃፍ ማጉረምረም ግን የትም አይመዘገብም። ባለሱቁን ልጅ መቆጣትም ተገቢ አይደለም፤ እሱ ከእያንዳንዱ ሙሌት የሚያገኘው ሳንቲም ነው፣ ዋጋውንም አላወጣውም።

ጥቅል ስትገዙ የሚመጣላችሁን መልእክት አታጥፉ። ቀኑ፣ የከፈላችሁት ብር፣ የተሰጣችሁ መጠንና የሚያበቃበት ጊዜ እዚያ ላይ አለ። የሁለት ወር መልእክት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም የማይክደው ማስረጃ ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ከሚመጣው ጁሙዓ ጀምሮ ከሶላት በኋላ በመድረሳው ሁለተኛ ክፍል ሁለት ወጣቶች መዝገብ ይዘው ይቀመጣሉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሌላ ሰው እንዳያየው የምትፈልጉትን መልእክት አስቀድማችሁ ለዩ፣ የሚፈለገው የሙሌቱና የጥቅሉ ብቻ ነው። ሃምሳ ቅሬታ ሲሞላ ለድርጅቱ ቅርንጫፍ በደብዳቤ እናስገባና የደረሰኙን ቁጥር በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኒያ እናት ስም ተጽፏል፤ መሐረባቸውን ፈትተው የሁለቱን ወር ብር ለየብቻ ቆጥረው አሳይተውናል።