የአንበሳው ንጉሥና የእናቱ ልጅ፦ የቴዎድሮስ ሥዕሎች ከልብ ወለዶቹ ለምን ወደ ኋላ ቀሩ?

በደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስን መልክ ለማየት ብዙ መንገድ መሄድ አያስፈልግም። በባጃጅ የኋላ መስታወት፣ በካናቴራ ደረት፣ በጸጉር ቤት ግድግዳ፣ በተማሪዎች የስልክ ገጽ ላይ ያው መልክ ይገኛል፦ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ፣ የተቆጣ ዐይን፣ ከጎን አንበሳ፣ አንዳንዴም ወደ አፍ የተደገነ ሽጉጥ። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ማንም አዝዞ ያሠራቸው አይደሉም፤ ባለታሪኩን የወደዱ ወጣቶች በእርሳስ፣ በኳስ ብዕር ወይም በስልክ የሣሏቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ውበታቸውን የሚመለከት አይደለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ቴዎድሮስን እንደ ሰው መጻፍ ከጀመረ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ፣ የአንባቢው ሥዕል ዛሬም ከአንበሳው ያልተላቀቀው ስለ ምንድን ነው የሚል ነው።

አንድ አንባቢ በመጽሐፍ ያገኘውን ገጸ ባሕርይ ያለ ትእዛዝና ያለ ክፍያ ሲሥል፣ የሥራው ውጤት «የአድናቂ ሥዕል» ሊባል ይችላል። በሌላው ዓለም ይህ ዐይነቱ ሥዕል በዋነኛነት የሚያብበው በምናባዊ፣ ማለትም በፋንታሲ ልብ ወለድ ዙሪያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፋንታሲ ገጸ ባሕርይ ከሰው በላይ ኀይል አለው፤ አንባቢው ግን የሚወደው በኀይሉ ብቻ አይደለም፣ ሲደክም፣ ሲፈራ፣ ሲናፍቅ ነው። ስለዚህም ደራሲው በአንድ መስመር ያለፈውን ድካም አድናቂው አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል። ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የዴንማርኳ ማርግሬቴ ምስክር ናት። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን የቶልኪንን ልብ ወለድ አንብባ የሣለቻቸውን ሥዕሎች በ1970 እ.ኤ.አ. ለደራሲው ልካለት ነበር፤ በኋላም ንግሥት ከሆነች በኋላ፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ በብዕር ስም በዴንማርክኛው እትም ታትመውላታል። ዘውድ ልትጭን የነበረች ሴት እንደ ማንኛውም አንባቢ ቁጭ ብላ መሣሏ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው።

ቴዎድሮስ የታሪክ ሰው እንጂ የፋንታሲ ገጸ ባሕርይ አይደሉም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ሌላኛውን ግማሽ የሚመልሰው ስሙ ነው። «ቴዎድሮስ» የሚለው ስም ከቋራው ካሣ በፊት የነበረ ነው፤ በፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ተነሥቶ በጽድቅ እንደሚገዛ ትንቢት የተነገረለት ንጉሥ ስም ነው። ደጃዝማች ካሣ ኀይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲቀቡ ያንን ስም መረጡ። በሌላ አነጋገር፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ገጸ ባሕርዩ በመጽሐፍ ተጠናቅቆ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሰው አንብቦ ወይም ሲነበብ ሰምቶ የልቡን ጀግና ስም ለበሰው። የአድናቂነት ታሪክ በኢትዮጵያ ከዚህ የላቀ ምሳሌ አይገኝለትም ማለት ይቻላል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ የትንቢት ንጉሥ እናት የለውም፣ አይደክምም፣ አይሳሳትም።

ደራስያኑ ይህን ችግር ቀድመው የተረዱት ይመስላል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. ያወጣውን ልብ ወለድ «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለው። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ያሳተመው ደግሞ «አንድ ለናቱ» ይባላል። ሁለቱን ርእሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። አንዱ ወደ ዐይን ይመለከታል፣ ሌላው ወደ እናት። ጎራዴም አንበሳም መድፍም በርእሶቹ ውስጥ የለም። በተለይ «አንድ ለናቱ» የሚለው አባባል በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ የጀግንነት ቃል ሳይሆን የሥጋት ቃል ነው፤ ሌላ ልጅ የሌላት እናት ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቀው ልጅ ማለት ነው። የካሣን እናት ኮሶ ሻጭ እያሉ የሰደቡ መኳንንት እንደነበሩ ሲነገር ለኖረ ሕዝብ፣ ይህ ርእስ የስድቡም መልስ ነው። ሠዓሊው ግን መጽሐፉን ዘግቶ እርሳሱን ሲያነሣ እናቲቱን ይረሳታል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሥዕሉ ውርስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። በዘመናቸው የአውሮፓ ኅትመቶች በአንበሶች ተከበው ችሎት ሲቀመጡ የሚያሳይ ሥዕል አሰራጩ፤ የአውሮፓ አንባቢ ከአፍሪካ ንጉሥ የሚጠብቀው ያንን ነበርና። አንበሶቹ እውነት ነበሩ፤ ብቻቸውን መቅረታቸው ግን የአሣታሚ ምርጫ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች አስከሬናቸውን ሣሉ። በለንደን የሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ይዞት የቆየውና በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የመለሰው ጸጉር ወደ ሙዚየሙ የገባው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሰጡትም ንጉሡን ከሞቱ በኋላ የሣላቸው ሠዓሊ ቤተሰቦች ናቸው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ዛሬ ወጣቱ በፍቅር የሚሥለው ሹሩባ ከአስከሬን ተቆርጦ ባሕር የተሻገረ፣ መቶ ኀምሳ ዓመት በባዕድ አገር የቆየ የሰው ጸጉር ነው። ይህን እያወቀ ሹሩባውን የሚሥል እጅ ከቁጣ ሌላ የሚሥለው ነገር ያገኝ ነበር።

ሌላው ምክንያት በቋንቋው ውስጥ አለ። የታሪክ መጽሐፍ ንጉሡን «እርሳቸው» ይላል፤ ይህ ጽሑፍም ብሏል። ሕዝቡ ግን «መይሳው ካሣ» ብሎ ሲጠራ «እሱ» ይላል፣ በልቅሶና በቀረርቶም «አንተ» ይለዋል። አንቱታው ርቀትን ይጠብቃል፤ አንተታው ንጉሡን ወንድም ያደርገዋል። የአድናቂ ሥዕል በባሕርዩ ከ«አንተ» ወገን መሆን ሲገባው፣ በተግባር ግን ከ«እርሳቸው»ም አልፎ እንደ ማኅተም ደርቋል። አንድ ዐይነት ግንባር፣ አንድ ዐይነት ቅንድብ። በባጃጁ መስታወት ላይ ያለው ሰውዬ ለማንም ሰላምታ የሚመልስ አይመስልም።

ከሰው በላይ ወይም ከሰው በታች የሆነን ባለታሪክ ሰው አድርጎ መሣል ለዚህ አካባቢ እንግዳ ጥበብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይታለፍ ነበር። እንግዳ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በዜጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተሥሎ ይታያል። የተአምረ ማርያም ታሪክ ለምእመናኑ ልብ ወለድ አይደለም፣ እዚህም የሚጠቀሰው ለአሣሣሉ ጥበብ ብቻ ነው። ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ የበላ ነው። አንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ በሚዛኑም ዕለት ያቺ ጥርኝ ውሃ ከነፍሳቱ ሁሉ ጋር ተመዘነች። ሠዓሊዎቹ ከዚህ ታሪክ ምን መረጡ? አስፈሪውን ብቻ ቢሥሉ የተመልካችን ዐይን ለመያዝ ይበቃቸው ነበር። የእጁን መዘርጋትም ሣሉ። የሰው ሥጋ የያዘው እጅና ውሃ የሚያፈስሰው እጅ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ሥዕሉ ሁለቱንም ያሳያል፣ አንዱን በሌላው አይሸፍንም።

ከዚሁ የሥዕል ትውፊት ሌላም ትምህርት አለ። ጻድቃን በሙሉ ፊትና በሁለት ዐይን፣ ኀጥኣን በጎን ፊትና በአንድ ዐይን እንደሚሣሉ የታወቀ ነው። የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የጣልያንን ወታደር በአንድ ዐይን የሚያሳዩት ከዚሁ የመጣ ነው። ቴዎድሮስ በሕዝብ ሥዕል ሁልጊዜ በሁለት ዐይን ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ቆሞ ሲታይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ መቀመጫቸው የነበረችውን ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ሄዱ። እነዚያ ቤቶች ሰው ነበረባቸው፤ እህል ያስቀመጠ፣ ሕፃን ያዘለ ሰው። በሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ቤት ሲቃጠል አይታይም።

እዚህ ላይ የታሪክ ባለሙያዎች ሥጋት ይነሣል፦ ንጉሡን እያለቀሱ ወይም እናታቸውን እየናፈቁ መሣል የተቃጠለውን ቤት ማስረሻ ይሆናል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ርኅራኄ ብዙ ጊዜ የማድበስበሻ መሣሪያ ሆኗል። ነገር ግን ሰውነት ንጽሕና አይደለም። ከጥፋተኝነት በላይ የሚያደርጋቸው የአንበሳው ሥዕል ነው፤ አንበሳ ለምን ሰበርህ ተብሎ አይጠየቅም። ሰው ግን ይጠየቃል። የበላዔ ሰብእ ሠዓሊዎች ያደረጉትን የሚያደርግ አንባቢ የንጉሡን ዕንባ ሲሥል ጢሱንም ለመሣል ይገደዳል፣ ዕንባው ከጢሱ ተለይቶ ትርጉም የለውምና።

ለሥዕል የሚሆን ነገር ደግሞ በዙሪያው ሞልቷል። ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው ጋፋት፣ ዋልድማየርን የመሰሉ የሚስዮን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ባለሙያዎቹ መድፍ ለመሥራት የመጡ አልነበሩም፤ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሠሩ። የፈሩት ፍርሃት፣ ቅልጡ ከሻጋታው እስኪወጣ ንጉሡ የጠበቁት ጥበቃ፣ ያ ሁሉ ፊት ያልተሣለ ነው። ከዚያ ወራት የፈጀው የመቅደላ ጉዞ ተከተለ። በእስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው መጽሐፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከንጋት እስከ ማታ በመንገድ ሥራው ላይ እንደሚውሉና በገዛ እጃቸው ድንጋይ እንደሚያነሡ መስክሯል። ሊጠላቸው በቂ ምክንያት የነበረው ሰው የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ ክብደት አለው። አንድ ንጉሥ፣ መዳፉ አቧራ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከኋላው የተቃጠለች ከተማ፣ ከፊቱ ገደል። ይህን የሣለ ተማሪ ካለ ሥዕሉ እስካሁን ግድግዳ ላይ አልወጣም። በ1850 ዓ.ም. ያረፈችው እቴጌ ተዋበችም እንዲሁ ናት፤ የጠላት የራስ ዐሊ ልጅ ሆና ለባሏ የታመነች ሚስት፣ በሥዕሎቹ ውስጥ ጥላዋ እንኳ የለም።

አባቱ ፎቶግራፍ ያላገኘው ልዑል ዓለማየሁ ግን አለው። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ እንደ ደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንሥታዋለች። ሰባት ዓመቱ ነበር። ስለ መቅደላ ብዙ ያነበበ ሰው እንኳ ያንን ፊት ካየ በኋላ ስለ ጦርነቱ የሚያስበው ይለወጣል። ፎቶው የሚያሳየው ሐዘንተኛ ሕፃን እንጂ ዘውድ አይደለም። የቴዎድሮስ አድናቂዎች አባቱን ከዚያ ልጅ ፊት ተነሥተው ለመሣል ቢሞክሩ፣ ከአውሮፓ የኅትመት ሥዕል ከመነሣት ይልቅ ወደ ሰውየው ይቀርባሉ።

ወጣቱ ይህን አይችልም ማለት አይቻልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጀምበር» የተሰኘ ኢትዮጵያዊ የሥዕል ልብ ወለድ ልዩ ኀይል ያገኘ ጀግና ያሳያል፤ ጀግናው ግን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን መጽሔት የሚያነብ ተመራቂ ገጸ ባሕርዩን ለማወቅ ሰፊ ምናብ አያስፈልገውም።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች በዚህ ረገድ የሚጠበቅባቸውን ገና አልሠሩም። ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጻፉ የማስተርስ ጥናቶች ገጸ ባሕርይን የሚተነትኑት ከጽሑፉ ብቻ ነው፤ አንባቢው ገጸ ባሕርዩን እንዴት እንደ ተቀበለው ሲጠይቁም መጠይቅ ይበትናሉ። ሥዕሉ ከመጠይቅ የበለጠ ይናገራል፤ አንባቢው የትኛውን ምዕራፍ እንደ መረጠ፣ ማንን ከሥዕሉ እንዳወጣ፣ ለማን ሁለት ዐይን እንደ ሰጠ ያሳያል። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጅ ያሉትን ሥዕሎች ከሣሊው ፈቃድ ጋር መሰብሰብ፣ ከየትኛው መጽሐፍና ከየትኛው ገጽ እንደ ተነሡ ጠይቆ መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ ሥዕሎች ያሉት በስልክ ላይ ነው፣ ስልክ ይሰበራል፣ ይሸጣል፣ ከሰኔ በኋላም ባለቤቱ ከነስልኩ ወደ አገሩ ይሄዳል።