የምሳውን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በአሥመራ ከተማ ዋናው ጎዳና ላይ እኩለ ቀን ሲሆን መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ባንድነት ይዘጋል። ጸሓፊው መዝገቡን ከድኖ፣ ነጋዴውም የሱቁን በር ቆልፎ ይወጣል። ቤቱ ቅርብ የሆነው ወደ ቤቱ ሲሔድ፣ ቤቱ የራቀው ወይም ምሳ ሠርቶ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ግን ወደ ኢጣልያ ምግብ ቤት ይገሠግሣል። ሩብ ሰዓት ያህል የዘገየ ሰው ባዶ ወንበር አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ማድረጉ ከንቱ ነው። ከበሩ ቆሞ፣ የቅቤውንና የነጭ ሽንኩርቱን ሽታ እየማገ፣ የሌላውን ሰው አጎራረስ ሲቈጥር ይቆያል።

የእንዲህ ያለውን ምግብ ቤት አሠራር አይቶ የማያደንቅ ሰው ያለ አይመስለንም። ስጎው ከጧት ጀምሮ በዝግታ ሲንተከተክ ይቆያል፤ ፓስታው ግን በደንበኛው ቤት እንግዳው ሳይቀመጥ ውሃ አይነካም። በፈላ የጨው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ውፍረቱ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይቆይና፣ ለጥርስ ጥቂት ጠንከር እንዳለ ይወጣል። አሳላፊው በአንድ ክንዱ ላይ ሦስት ሳሕን ደርድሮ በወንበሮቹ መካከል ይሽሎከለካል፤ ትእዛዙንም ከጠረጴዛው ሳይርቅ ወደ ወጥ ቤቱ ይጮኻል። የማይተዋወቁ ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ «ይፍቀዱልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። ኢጣልያኖች ከምግብ በኋላ ቡናቸውን ባንኮኒው አጠገብ ቆመው በሁለት ፉት ጨርሰው መሔድ ልማዳቸው ስለ ሆነ፣ ወንበሩ ቶሎ ለተከታዩ ይለቀቃል። እኛ ይህን አንዱን ብቻ ሳንማር ቀርተናል። ማኪያቶ አስቀርበን ጠረጴዛውን እንደ አባት ርስት ይዘን ስንቀመጥ፣ ከበሩ የቆመው ሰው የሥራ ሰዓቱ ደርሶበት ሳይበላ ይመለሳል።

ስለዚህ ምግብ ቤት ሌላም የሚነገር ደኅና ነገር አለ። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ዕርድ እንደማይበላ የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ነጋዴዎች ለብዙ ዓመት ባንድነት ሲገበያዩ ኖረው፣ ባንድ ገበታ ሥጋ ሳይቈርሱ ያረጃሉ። በቲማቲምና በዘይት የተሠራ ስፓጌቲ ግን ዕርድ አይጠይቅም፤ ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ጾም አያስገድፍም። ስለዚህ የባዕድ ምግብ የሆነው ፓስታ፣ የራሳችን ማዕድ ያላስቀመጣቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ለማስቀመጥ ችሏል። ነጋዴዎች ይህን ጥቅም ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ነገር ግን ይህ ወንበር ለሁሉ እኩል የተገኘው በነጻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር ወደ ኤርትራ የፈሰሰው ወታደር፣ የመኪና ነጂና ሠራተኛ አብዛኛው ሚስቱንና ወጥ ቤቱን በአገሩ ትቶ የመጣ ነበርና፣ ምሳውን የሚያበላው ቤት አስፈለገው። በ1931 ዓ.ም. ገደማ ከአሥመራ ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ኢጣልያናዊ ነበር። ምግብ ቤቱም እንደ ሕዝቡ በዛ፤ የአገሩ ሰው ግን ወጥ ቤት ገብቶ ዕቃ ሊያጥብ እንጂ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር። «ካምፖ ቺንታቶ» ማለት የታጠረ ሜዳ ማለት ሲሆን፣ ሕዝቡ «ኮምቢሽታቶ» ብሎ የሚጠራው የከተማው እምብርት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በሰኔ 1931 ዓ.ም. በወጣው «የዘር ክብር» ሕግማ ለአገሩ ተወላጅ በተለየ ቤት የሚያዘወትር ኢጣልያናዊ ራሱ በቅጣት ይጠየቅ ነበር። አጥሩ በሁለት ወገን የተዘጋ ነበር ማለት ነው።

በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ተሸንፎ እንግሊዞች ከተማውን ሲይዙ ያ ሥርዓት መፍረስ ጀመረ፤ በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም፣ የአገሩ ተወላጅ በሹመት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሁሉ በምግብ ቤቱም ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የጎዳናው ስም ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሙሶሊኒ ስም ተጠርቶ ነበር፤ የኢጣልያ ጎዳና ተባለ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነ፤ ብሔራዊ ጎዳናም ተብሎ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጎዳና ሓርነት ተባለ። የምሳው ሰዓት ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። ታዲያ አባቶቻችን ከበር የተመለሱበት ቤት ገብቶ መብላት ክብር ከሆነ፣ ክብሩ የሚሞላው በገዛ ገንዘብ ሲበሉ ነው እንላለን። ወደ ዋናው ነገራችንም የሚያደርሰን ይህ ነው።

ባንድ ቀን ከአንድ ሹምና ከአንድ ነጋዴ ጋር ባንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ደረሰብን። ስማቸውንም ሥራቸውንም አንጠቅስም፤ እንዲህ ያለውም ነገር የእነርሱ ብቻ አይደለም። ሁለቱም በመጀመሪያ ላዛኛ፣ ቀጥሎ ኮቶሌታ ከሰላጣ ጋር በሉ። ጭውውቱ ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ትምህርት ነበር፤ ስለ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነሣም። በመጨረሻ ሹሙ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አሰዳደዱ ግን ጉድጓድ ውስጥ እባብ ይኖራል ብሎ እንደሚፈራ ሰው ነበር። ነጋዴው ግን «በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ! ምን ማድረግዎ ነው?» ብሎ ክንዱን ያዘ። ሒሳቡ ለካ ገና ሰላጣው ሳይቀርብ ተከፍሎ ኖሯል። ሹሙም «አይ እርስዎ! ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉኛል» አለ። ሁለቱም ተነሥተው ሲወጡ፣ ነጋዴው ከበሩ ደርሶ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ያቺን ወረቀት እንግዲህ…» አለ። ሹሙም «ነገ ጧት ብቅ በሉ» ሲል መለሰለት።

ይህ ጉቦ ነውን? ብዙ ሰው አይደለም ይላል። አንድ ሳሕን ፓስታ ምን ያህል ዋጋ አለውና! መጋበዝም የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ለራሴ ብቻ ልክፈል የሚል ሰው እንደ ንፉግ ይቈጠራል፤ ይባላል። ይህን ክርክር እንንቀዋለን አንልም፤ ልማዱ መልካም ልማድ ነውና። ነገር ግን ልማዱ የተወለደው በመሶብ ዙሪያ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በመሶብ ላይ አምስት እጅ ባንድነት ይገባል፤ ይህ የአቶ እገሌ እንጀራ ነው፣ ያ የወይዘሮ እገሊት ወጥ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ፣ እንግዳውም ሁሉ እንግዳ ነው። የኢጣልያው ሳሕን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ የቀረበ፣ ዋጋውም ለብቻ የተጻፈ ነው። ኢጣልያኖች ባንድ ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች ሒሳቡን ተካፍለው ሲከፍሉ «አላ ሮማና»፣ ማለት «እንደ ሮማ ሰዎች» ይሉታል፤ በዚህም የሚያፍር የለም። እኛ የእነርሱን ሳሕን ተቀብለን፣ የመሶቡን ሕግ በላዩ ጫንንበት።

ጉዳቱም ያለው ከዋጋው አይደለም። በቋንቋችን የበላበትን ወጭት ሰባሪ ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ሹሙ ዛሬ የበላው ላዛኛ ነገ ከሆዱ ይጠፋል፤ ስሙ ግን በልቡ ይቀመጣል። የነጋዴው ማመልከቻ ሕግ የማይፈቅደው ሆኖ ሲገኝ፣ «አይሆንም» ለማለት የሚያስበው ስለ ሕጉ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ስለ ወጭቱም ይሆናል። ቀድሞ ወደ ሹም የሚቀርብ ሰው እጅ መንሻ ይዞ ይቀርብ ነበር፤ በግና ማር ስለ ነበረ ሁሉ ያየው ነበር። የዛሬው እጅ መንሻ በሹካ ተጠቅልሎ ይገባል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የማይገባ ጥቅም እንዳይቀበል ሲከለክል፣ ጥቅም ማለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው አላለም። የአሳላፊው ጉርሻ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በሰው ፊት፣ በእኛ ላይ ሥልጣን ለሌለው ሰው ይሰጣልና።

ነጋዴዎችም በበኩላቸው የሚያሰሙት አቤቱታ አለ፤ እርሱም እውነት ነው። ልክ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ «እንዴት ዋላችሁ» እያለ ወደ ሱቅ ብቅ የሚል ባለ ሥልጣን አይጠፋም። ነጋዴው አይጋብዘውም ማለት አይችልም፤ ይጋብዘዋል፤ በልቡ ግን ይቈጥረዋል። የቈጠረውንም ከራሱ ትርፍ አይቀንሰውም፤ በሚሸጠው ጨርቅና ስኳር ላይ ይጨምረዋል። እንግዲህ ያን ምሳ የከፈለችው ክንድ አቡጀዲ ልትገዛ የመጣችው ሴት ናት ማለት ነው።

ከእርሷም የሚብስ ሰው አለ። ከገጠር በእግሩ መጥቶ ማመልከቻውን በመሐረብ ጠቅልሎ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ የተቀመጠው ባለ ጉዳይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ከዘበኛው «ከሰዓት በኋላ ተመለስ» ይባላል። ወዴት ይመለስ? ከጥላው ሥር ቂጣውን ቈርሶ ይጠብቃል። ሹሙ ከምሳ ሲመለስ በፊቱ ያልፋል። የነጋዴው ወረቀት ያን ጊዜ የዚህን ሰው ወረቀት ቀድሟል፤ የቀደመውም ከላይ ስለ ተጻፈ አይደለም።

ማንም ከማንም ጋር አይብላ ማለታችን አይደለም። ሹምና ነጋዴ ባንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ይጠቅማል፤ አንዱ የገበያውን፣ ሌላው የደንቡን ነገር የሚማርበት ሌላ ስፍራ ብዙ የለም። የምንለው ሳሕኑ ለየብቻ እንደ ሆነ ሒሳቡም ለየብቻ ይሁን ነው። ሹም የሆነ ሰው ከመቀመጡ በፊት «የእኔን ለብቻ ጻፍ» ብሎ ላሳላፊው ቢነግር፣ ነጋዴው በመሐላ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም፤ ደግሞም አይቀየምም፤ እንዲያውም በስውር ደስ ይለዋል። ጋባዥነት የሚያምርበት ሰው ነጋዴውን በበዓል ቀን ከቤቱ ጠርቶ በመሶቡ ያብላው፤ እርሱም ወደ እርሱ ቤት ይጠራ። የምግብ ቤቶቹም ባለቤቶች አንድ ነገር ቢያደርጉ ያግዙን ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸው ባንድ ይጻፍልን ካላሉ በቀር፣ ሒሳቡን በየሰዉ ለይቶ በየሳሕኑ አጠገብ ማስቀመጥ። የሚያወጡት ወጪ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት።

ባንድ የታወቀ ምግብ ቤት አንድ ሽማግሌ የመንግሥት ጸሓፊ ለብዙ ዓመት ሲመገቡ አይተናል። ሁልጊዜ ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና አንድ ሳሕን ፓስታ በስጎና አንድ ብርጭቆ ውሃ ያዝዙ ነበር። የሚያውቃቸው ነጋዴ ሲመጣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ይጨብጡታል፤ አጠገባቸው ያስቀምጡታል፤ ያጫውቱታል። ሲጨርሱም ሳንቲማቸውን ቈጥረው ከሳሕኑ ጠርዝ ሥር ያደርጉና፣ ቡናቸውን ባንኮኒው ዘንድ ቆመው ጠጥተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ሰው ሳይመለስ ወደ ቢሯቸው ይሔዱ ነበር። ከደጅ የሚጠብቁ ባለ ጉዳዮችም መምጣታቸውን ከሩቅ በባርኔጣቸው ያውቁና ወረቀታቸውን ከመሐረባቸው ይፈቱ ነበር።