እንቁላሉን የተቀበለች እጅ

ስለ ልጆች ወንጀል ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ በዕድርም ሆነ በአዳራሽ፣ አንዱ ተናጋሪ ያችን የቆየች ተረት ሳይጠቅሳት አይቀመጥም፤ ብላቴናው ከጎረቤት አንዲት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፣ ከእንቁላሏ ወደ ዶሮዋ፣ ከዶሮዋ ወደ በሬው እያለ አድጎ ሞት ተፈርዶበት ከመስቀያው ሥር በቆመ ጊዜ፣ እናቴን ልሰናበታት ብሎ ያስጠራትና ጆሮዋን ነክሶ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላታል። ከዚህ የሚወጣው ትርጓሜ ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም አለንጋ በጊዜው ቢነሣ ኖሮ ገመድ ባላስፈለገ የሚል ነው። እኔ ግን ተረቲቱን ደጋግሜ ሳሰላስላት፣ የእናትየዋ በደል አለንጋ አለማንሣቷ ሆኖ አይታየኝም፤ እንቁላሉን በእጇ ተቀብላ፣ «ይህን ከወዴት አመጣኸው?» ሳትል ጠብሳ አብራው መብላቷ ነው እንጂ።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ የ13 ዓመት ልጅ የጎረቤታችንን መኪና ስፖኪዮ ሲነቅል ጥበቃዎች ያዙት። ከየቤቱ የወጣነው ጎልማሶች ከ20 አናንስም ነበር፤ ከፊሉ «ለፖሊስ ይሰጥ»፣ ከፊሉ «እዚሁ ይገረፍ» ይላል፤ ልጁ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ፣ ማስቲሽ ያለባትን የሃይላንድ ቁራጭ በእጅጌው ውስጥ ሊሸሽግ ይታገላል። እናቱ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጇ ቃሪያ ቃሪያ እየሸተተ መጣችና «ጋሼ፣ አባት የለውም፤ እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው፤ የት እንደሚውል በምን ልወቀው?» አለችኝ። ሁሉም «ለምን ሰረቅህ?» እያለ ሲጮኽበት መልሱ እንባ ብቻ ስለ ሆነ፣ እኔ ጠጋ ብዬ «ለማን ልትሸጠው ነበር?» አልሁት።

«ለሰውዬው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ለሚገዛው።»

ይህ መልስ እኔን ራሴን አፍ አስያዘኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የእኔም መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ አድሮ፣ የሚያውቁ ሰዎች ወደ ጠቆሙኝ አንድ ሱቅ ሄጄ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ በሰጠኝ መስታወት ጠርዝ ላይ እኔው ራሴ ከግቢያችን በር ጋር አላትሜ ያወጣሁትን ጭረት ባየሁ ጊዜ፣ ጭረቱን በአውራ ጣቴ ዳስሼ ዝም አልሁ፤ ጥቂት ብር አስቀንሼ፣ በጋዜጣ አስጠቅልዬ፣ ከፍዬ ወጣሁ። የዚያን ቀን ደስ ያለኝ ዕቃዬ በመገኘቱ ነበር፤ የትኛው ልጅ በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሳንቲም እንደ ሸጠው መጠየቅ ከቶ በኅሊናዬ አልመጣም። እንቁላሉን ተቀብላ የጠበሰችው እጅ የዚያች ምስኪን ባለጉልት እጅ ሳትሆን የባለሱቁና የእኔ እጅ ናት።

ክርክሩ ግን ይህን እጅ ዘልሎ ያልፋል። አንዱ ወገን ቅጣቱ ይጥበቅ ይላል፤ ሌላው ድህነቱ ይወገድ እንጂ ልጁ ምን አደረገ ይላል። የኋለኛው ሐሳብ ወደ ርኅራኄ ያደላ ቢሆንም፣ ድሀ መሆን ሌባ መሆን ነው ወደ ማለት ሲንሸራተት ግን በድሆች ልጆች ላይ ታላቅ በደል ይፈጽማል፤ ከትምህርት ቤት መልስ በየጎዳናው ጫማ እየጠረገ፣ ደብተሩን ከቀለሙና ከብሩሹ ጋር በአንድ ሳጥን የሚይዘው ሊስትሮ ምስክር ነው። ሊስትሮውም መስታወት ነቃዩም የተራቡ ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው ማታ ሲገባ ሒሳቡን የሚጠይቀው ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ሲኖረው፣ ሁለተኛውን የሚጠብቀው «ሰውዬው» ብቻ ነው።

ሕጋችን ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ ተረድቶታል። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቬን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ከወንጀል ኀላፊነት ፈጽሞ ነጻ አድርጎ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም ከጎልማሶች ቅጣትና ከጎልማሶች እስር ቤት ለይቶት ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቆ፣ በአንቀጽ 54 ዳኛው ስለ ብላቴናው ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር እንዲመረምር፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች አስጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ነገሩ በአደባባይ ሳይሆን በዳኛው ክፍል፣ ልጁን በማያስደነግጥ አኳኋን እንዲታይ ያዛል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረትም ሕፃንን መሣሪያ አድርጎ ወንጀል የሚያሠራ ሰው፣ ራሱ እጁን ባያነሣ እንኳ፣ ዋና ወንጀል አድራጊ ነው። አንድ ነገር ግን በጽኑ እቃወማለሁ፤ የ9 ዓመት ሕፃን፣ የወተት ጥርሱ ገና ያልረገፈ፣ በወንጀል መጠየቁ ሊቀር ይገባዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2019 መነሻው ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን አገሮችን መክሯል።

በወረቀት የጸናው ሥርዓት በሥራ ላይ የሚደክመው፣ ዳኛው ልጁን ለታመነ ሰው ልስጥ ቢል የሚቀበለው ሰው ሲያጣ ነው። በአዲስ አበባ ልደታ ያለው የጠባይ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ስለ ነበር፣ በሩቅ ወረዳ የተያዘው ልጅ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ካዘዘው ውጭ ከጎልማሶች ጋር ይታጎር ነበር፤ እዚያም የሚያገኘው መምህር የኪስ አወላለቅ መምህር ነበር። እኔ አዲስ ግንብ ይሠራ ከማለት ይልቅ፣ በየቀበሌው ልጅ የሚረከቡ፣ ስማቸው በፍርድ ቤት የታወቀ፣ ለድካማቸውም መጠነኛ አበል የሚቆረጥላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ይሰየሙ እላለሁ፤ ፖሊስም አንድ ልጅ በያዘ ጊዜ ምርመራው የተሰረቀውን ዕቃ ከሚገዛው ሰው ደጃፍ ሳይደርስ መዝገቡን አይዝጋ።

ያን ልጅ በዚያ ዕለት ለፖሊስም አልሰጠነው፣ አልገረፍነውም። በሰበካችን ያሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ «ለእኔ ስጡኝ» ብለው፣ እናቱን አስፈቅደው፣ ከሰዓት በኋላ የሚማርበት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ጧት ጧት ከደጃቸው ያጠናል። ሁለት ጊዜ ጠፍቶባቸው ሁለት ጊዜ በዘንጋቸው እየተመረኮዙ እስከ አውቶቡስ ተራ ሄደው ፈልገው አምጥተውታል። ማታ ሲገባ እሳቸው ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ደግሞ የት ዋልህ?» ይሉታል፤ እሱም ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ፣ ከየት ወደ የት እንደ ሄደ በዝርዝር ይነግራቸዋል።