የሞላሌ በግ፦ በአደባባይ ይታይ ወይስ በመስኩ ይጎብኝ?

በመንዝ ማማ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በሞላሌ፣ በየዓመቱ አንድ ቀን ተቆርጦ የመንዝ አውራ በግ በሕዝብ ፊት እየተሰለፈ ቢታይና የበለጠው ቢሸለም ይገባል ወይስ አይገባም? ለሁለት ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ሰጥተን በየፊናቸው እንዲሟገቱበት አደረግን። መንዝ ስለ ርስት ሲሟገት የኖረ አገር ስለ ሆነ ስለ በግ ቢሟገት ማንም አይደነቅም።

ይታይ የሚለው

የመንዝ በግ ዛሬም ትርኢት አለው፤ ትርኢቱ ገበያ ነው፤ ዳኛውም ነጋዴ ነው። ፋሲካ ወይም ዘመን መለወጫ ሲቃረብ በጣርማ በርና በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌ የሚወጣው ነጋዴ፣ እጁን በጠቦቱ ወገብ ላይ አሳርፎ፣ ላቱን አንሥቶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ የቀንዱን አወጣጥ አይቶ ከመረጠ በኋላ ዋጋውን ከፍሎ የሚነዳው፣ ከመንጋው ሁሉ ፈጥኖ ያደገውንና ቁመናው ያማረውን ስለ ሆነ፣ በመንደር ቀርቶ የከርሞውን ግልገል የሚያስወልደው ነጋዴው አይቶ የተወው ከሲታው ይሆናል። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ ብርቱ ብርቱውን ለራሱ እየለየ ደካማውን ለላባ እንደ ተወ ተጽፏል፤ የመንዝ ገበሬ ግን ያዕቆብነቱን ለነጋዴ ሰጥቶ፣ እርሱ በገዛ መንጋው ላይ ላባ ሆኖ ሲኖር ማንም አልነገረውም።

ይህን ነገር ያስተዋሉት የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች፣ ከዓለም አቀፎቹ የግብርና ምርምር ተቋማት ከኢካርዳና ከኢልሪ እንዲሁም በቪየና ከሚገኘው ከቦኩ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ በማኅበረሰብ የሚመራ የበግ ዘር ማሻሻያ ሥራ አቋቁመዋል። ግልገሉ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ በልደቱ፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ የእናቱም ነገር በመዝገብ ይያዛል። የምርጫው ቀን በደረሰ ጊዜ ወጣቶቹ አውራዎች ባንድ ቦታ ይሰበሰቡና፣ መዝገቡ ያስቀደማቸውን አርቢዎቹ ራሳቸው የሾሟቸው ዳኞች አንድ በአንድ ይመረምሯቸዋል። ያን ጊዜ ሽማግሌው አጎንብሶ የበጉን ጠጉር በሁለት ጣቱ ፈልቅቆ ቆዳውን ሲያይ፣ ፍሬው እኩል መውረዱን ሲዳብስ፣ የላቱን ስፋት በመዳፉ ሲለካ፣ ቀጥሎም አውራውን ጥቂት አስኪዶ የኋላ እግሩን አረጋገጥ ሲመለከት፣ አላዋቂ ሰው እንኳ ዕውቀት ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያያል። የተመረጠው በየአባላቱ መንጋ እየተዘዋወረ ያስወልዳል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ጉባኤ በባለሙያና በአባል መካከል ታጥሮ ከሚቀር በሩ ይከፈት፤ ተማሪውም፣ ካህኑም፣ የጎረቤት ወረዳ አርቢውም፣ የአዲስ አበባ ሰውም መጥቶ ይየው፤ ያሸነፈው ባለ በግ በሕዝብ ፊት ስሙ ተጠርቶ ይሸለም ነው የምለው። በሕዝብ ፊት የተከበረን አውራ ባለቤቱ ለፋሲካ ቢላዋ ለመስጠት እጁ ይያዛል፤ መዝገብ ብቻውን ያላስገኘውን ክብር ያስገኛል።

የሌላውንም ዓለም ልምድ ብንመለከት፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር በዲሽሊ ይኖር የነበረው ሮበርት ቤክዌል፣ የሌስተርን ረጅም ጠጉር በግ መርጦ አሻሽሎ፣ አውራዎቹን በኪራይ እየሰጠ፣ እንግዳ ሁሉ ወደ ቤቱ መጥቶ እንዲያይ በመፍቀዱ ዝናው ባሕር ተሻግሯል። በዚያው አገር ከእ.ኤ.አ. 1900 እስከ 1973 ድረስ 26 የአገር ዝርያዎች መጥፋታቸውን ያስታወሱ ሰዎች፣ በ1973 ለብርቅ ዝርያዎች መጠበቂያ ማኅበር ካቆሙ ወዲህ፣ በየግብርና ትርኢቱ እነዚህን ከብቶች ለሕዝብ ማሳየትን ከዋና መሣሪያዎቻቸው አንዱ አድርገውታል። ሕዝብ ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም።

የጠጉሩንም ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። የመንዝ ሴት የፈተለችው፣ የመንዝ ሸማኔ የሠራው ባናና በርኖስ ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር ተወዳድሮ እየተሸነፈ ነው። በትርኢቱ ቀን በጉ በአንድ ወገን ሲሸለት፣ በሌላው ወገን ጠጉሩ ሲፈተልና ሲሠራ ቢታይ፣ ገዢው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለጠጉሩም ዋጋ መስጠት ይማር ነበር።

አይታይ የሚለው

የተከበሩ ወንድሜ ምስክር አድርገው የጠሩት ሮበርት ቤክዌል የመሰከረው ለእኔ ነው። ያ በዓለም የታወቀው የሌስተር በግ ዛሬ ወዴት አለ? በዚያው ወንድሜ ባመሰገኑት የብርቅ ዝርያዎች ማኅበር መዝገብ ውስጥ፣ ለመጥፋት ከሚያሠጉት መካከል ተጽፎ ይገኛል። የዘመኑ ዓይን የወደደለት ፈጥኖ መወፈሩንና የስቡን ብዛት ነበር፤ ዘመን ተለውጦ ሰው ቀይ ሥጋ በፈለገ ጊዜ ያው ስብ ነውር ሆነበት። የትርኢት ዳኛ የሚፈርደው በጊዜው ፍትወት ነው፤ በጉ ግን ፍርዱን ለልጅ ልጆቹ ተሸክሞት ይሄዳል።

ይህም የባሕር ማዶ ነገር ብቻ እንዳይመስል ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን የነበሩት ተመራማሪዎች የመንዝንና የሆሮን በግ ባንድ ሜዳ አሰማርተው የሆድ ትልን እንዴት እንደሚችሉ መርምረዋል። የሆሮ በግ ቁመቱ የረዘመ፣ መልኩ ያማረ፣ ግልገሉም ከመንዙ የሚገዝፍ ነው፤ ሁለቱን በአደባባይ ቢያቆሟቸው ሽልማቱን ሆሮ እንደሚወስድ አልጠራጠርም። በዚያ ብርድና በዚያ ግጦሽ ግን ግልገሉን በሕይወት አቆይቶ በማሳደግ የበለጠው ትንሹ የመንዝ በግ ሆነ። እንግዲህ የመንዝ በግ መዓርጉ በማይታይ ነገር ላይ ነው፤ በትል ጊዜ ባለመሞቱ፣ ውርጭ ገብሱን በመታበት ዓመት በላቱ ስብ ተደግፎ በመክረሙ፣ ሌላ በግ አሽትቶ በሚያልፈው ሣር እናቲቱ ወተት በመያዟ። ለዚህ ሪባን የሚያስር ዳኛ ከየት ይመጣል?

ዓይን ያሳተንም ዛሬ አይደለም። በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ፣ ከውጭ የመጣው አዋሲ የተባለው በግ ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ፣ በዚያና በአመድ ጉያው ማዕከል የተወለዱት ዲቃላ አውራዎች ለገበሬ ይታደሉ ነበር። አዋሲን ያየ ሁሉ በግዝፈቱ ተደንቋል፤ እኔም ብሆን ባየሁት ጊዜ ተደንቄአለሁ። ነገር ግን በነዚያ ማዕከሎች ሜዲ ቪስና የተባለው፣ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚበላና መድኃኒት የሌለው በሽታ ተገኝቶ እደላው መቋረጥ ግድ ሆነ። አይስላንድ የተባለችው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1933 ከጀርመን አገር 20 የካራኩል በጎች አስመጥታ፣ ይህንኑ በሽታ ስታስገባ በዓይን የሚታይ ምልክት አልነበረም፤ በኋላ ግን መንጋ በመንጋ ላይ እያረደች ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ከደከመች በኋላ ነው በ1965 የጠራችው። አባቶቻችንም በክፉ ቀን፣ በከብት ደስታ አገር ባዶ ሲቀር ያዩትን አልረሱም፤ ከብቱን የፈጀው ያ በሽታ ከምድር ላይ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በግና ፍየልን የሚፈጀው ታናሽ ወንድሙ፣ ደስታ መሰል የሚባለው፣ ግን ዛሬም አለ።

ገበያም በግ ይሰበስባል ይሉኝ ይሆናል። ከገበያ የተገዛው በግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢላዋ ይሄዳል፤ ከትርኢት የተመለሰው የተሸለመ አውራ ግን ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ፣ ከብዙ እናት በጎች ጋር ይገናኛል። በሽታ መልእክተኛ ቢመርጥ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ደግሞስ የሚያሸንፈው ማን ነው? ለአንድ አውራ ለሦስት ወር ገብስና ሽንብራ የሚያጎርስ ሰው ነው። ሁለት እናት በግ በርቢ ይዛ የምታድር ባልቴት፣ ከመንደሩ ሁሉ የበረታችው በግ የእርሷ ብትሆን እንኳ፣ በትርኢቱ ሜዳ ላይ ለመቆም የሚያበቃ ወዝ የላትም።

እኔ የምለው አይታወቅ አይደለም፤ ይጎብኝ ነው። ኖላዊው ባለበት ቦታ መርዔቱን ማየት ይቻላል። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ በወረሰው ሥርዓት፣ ለዓመታት ዘግቶ በጊዜው እየከፈተ እስከ ዘመናችን ማድረሱን ለማየት ስንቱ እንግዳ ይመጣል። ያው እንግዳ በሞላሌ ዙሪያ ካለ አንድ ግቢ ቢገባ፣ ማታ በጎቹ ሲመለሱ የቤቲቱ እመቤት በር ላይ ቆማ፣ ይህቺ ዳለቻይቱ ስድስት ወልዳ አንድም አልሞተባት፣ ያቺ ቡላይቱ መልኳ ነው እንጂ ወተት የላትም፣ ቀዩ ጠቦት የአሮጊቲቱ የልጅ ልጅ ነው እያለች ስትቆጥር ይሰማል። የመንዝ በግ መዝገብ ይህ ነው፤ መዝገቡም ከነባለቤቱ ወደ አደባባይ አይወጣም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ሙግታቸው ብርቱ ነውና የሚገባኝን እቀበላለሁ፤ ሆሮም አዋሲም በሞላሌ ሜዳ አይቁም። ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ በአገራችን በልማድ በስም ከተለዩት 14 የበግ ወገኖች 9 ዝርያዎች አሉ ብለው ሲመድቡ፣ መንዝን አጭር ላት ካላቸው ሌሎች የደጋ በጎች ጋር በአንድ ዝርያ ውስጥ ቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ትርኢቱ በመንዝ በግ ብቻ ይሁን። ከሌላ ወረዳ የመጣ አይግባ፤ ያልተከተበም አይግባ።

የጉብኝቱ ነገር ግን አይዋጥልኝም። ከመንደር ወደ መንደር፣ ከግቢ ወደ ግቢ በጫማው ጭቃና ፋንድያ ይዞ የሚዞር እንግዳ ከአንድ አውራ ይልቅ ብዙ ያዛምታል፤ ወንድሜ በሽታውን በበሩ አስወጥተው በመስኮቱ አስገቡት። አዋሲን ለገበሬ እናድል ብለው የወሰኑት ሹማምንትስ ለምን ወሰኑ? የመንዝ በግ በሕዝብ ፊት ሲመሰገን አንድ ቀን እንኳ አይተው ስለማያውቁ ነው። ባልቴቲቱን በሚመለከት ደግሞ፣ አውራው ብቻውን አይቅረብ፤ እናቱ ከነግልገሎቿና ከነመዝገቧ አብራው ትቁም። ዳኛው ከወዙ አስቀድሞ ስንት ወልዳ ስንቱን እንዳሳደገች ይጠይቅ፤ ያን ጊዜ ሽልማቱ ወደ ባልቴቲቱ ቤት መሄድ ይችላል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

እናቲቱ ከነመዝገቧ ትቅረብ ካሉ የሙግቱን እኩሌታ ለቀቁልኝ። በዚህ ሥርዓት የሚደረግ ቀን ቢኖር፣ ትርኢት መባሉ ቀርቶ የመንዝ አርቢ ጉባኤ ቢባል አልከራከርም፤ የጫማውንም ነገር ተቀብያለሁ፤ በየግቢው ደጃፍ ውኃና አመድ ይቀመጥ። በግልገል ወራት፣ በዝናምና በደስታ መሰል ወሬ ጊዜ ግን በግም ሰውም በያለበት ይቆይ፤ ሽልማቱም ገንዘብ አይሁን፤ ገንዘብ ከሆነ ነጋዴው በዳኝነቱ ወንበር ዳር መቀመጡ አይቀርም። ለአሸናፊው ክትባት ይሰጠው፤ የሚሸልት መቀስም ይሰጠው፤ ይበቃዋል።

ስለ ቀረው ሁሉ አቋሜ አልተለወጠም። እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ የመንዝን በግ ማየት ብትሻ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ሞላሌ ውጣ፤ ባለቤቱን አስፈቅደህ ግባ፤ ስለ እናት በጊቱም ጠይቅ። ለወዳጅህ ስጦታ ብለህ ግን ከሌላ አገር አውራ በግ ጭነህ ወደ መንዝ አትውጣ።