ያደገ ፕሮስቴት ሁሉ ካንሰር አይደለም

በአማርኛ «ዕጢ» ስንል የተፈጥሮ አካላችንንም፣ በበሽታ የበቀለውንም እንጠራበታለን። ስለዚህ ሐኪም «የፕሮስቴት ዕጢዎ አድጓል» ሲላቸው ካንሰር ተባልኩ ብለው የሚደነግጡ አባቶች ብዙ ናቸው። ከ50 ዓመት በኋላ የዕጢው ሕዋሳት መብዛት የተለመደ ነው፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የሚያድገው የሽንት ቧንቧውን ከቦ በመሆኑ ሽንት ያቆራርጣል፤ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ካንሰር ግን በአብዛኛው ከዕጢው ውጫዊ ክፍል ስለሚነሳ መጀመሪያ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ውጤት በሁለቱም፣ በኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እናም በቃሉ አይደንግጡ፤ «የዕድሜ ነው» ብለውም አይተዉት። «ማደግ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።