ከዊንቹ በፊት ጎማው

ለካምፒንግ በተዘጋጀ ፒክአፕ ላይ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ጎማ ላይ ነው። ቀጥሎ ከጭቃ ማውጫ ዕቃ ይመጣል፤ ባሌስትራ ሦስተኛ ነው። ብዙ ባለመኪና ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከሩቅ ከሚታየው ይጀምራል፦ ከብረት ፓራውልት፣ ከዊንች፣ ከጣሪያ መብራት። የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ይህን ስህተት ቶሎ ያጋልጣል።

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወረታ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የፎገራን ሜዳ ይለቅና ደብረ ታቦር ሲደርስ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ሩዝ አብቃዩ የፎገራ ጥቁር ዋልካ በክረምት ተለጥፎ የጎማ ጥርስ ይደፍናል። ጉና ላይ ደግሞ ስለታም ድንጋይ የጎማ ጎን ይቀድዳል።

ለዋልካ የሚሻለው ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ የጭቃ ጎማ ይመስላል። ነገር ግን የጉዞው አብዛኛው ክፍል አስፋልት ነው፤ የጭቃ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ለአስፋልትም ለኮረትም የሚሆን፣ ጎኑ የጠነከረና ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ጎማ ይመረጣል። ዋልካው ሲርስ መፍትሔው ሜዳውን ትቶ በጠጠር መንገድ መዞር ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ በሆነው ጉናም እርጥብ ሣር ላይ መንዳት የጎርፍ መንገድ መቅደድ ነው።

የጎማውን ልክ ማሳደግም ዋጋ ያስከፍላል። ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ ለሞተሩ ስለሚከብደው ዳገቱን ይብስ ያከፋዋል፤ ፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ፋብሪካው የሰጠው ልክ ለጀማሪ ይበቃል።

ጥሩ ጎማ የሚሠራው ነፋሱ ሲስተካከል ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ ይዞ የሚሄድ መኪና ድንጋይ ላይ ወደ 25 ቢወርድ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ጭነቱ ከበድ ካለ ግን ብዙ መቀነስ አደገኛ ነው፤ ፍጥነትም አብሮ መውረድ አለበት። አስፋልት ከመግባት በፊት ነፋሱ ይመለሳል። ከዋናው መንገድ ርቆ ጎሚስታ ስለማይገኝ ትንሽ ኮምፕሬሰርና የግፊት መለኪያ ከጎማው ጋር አብረው ይገዛሉ።

ከዚያ አካፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ መሬት እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላ፣ ሙሉ ልክ ያለው ተጨማሪ ጎማና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ ይመጣሉ። ገመዱ የሚታሰረው ለዚሁ በተሠራና ከሻንሲው ጋር በጥብቅ በተያያዘ መንጠቆ ላይ ብቻ ነው። የተጎታች መያዣ ኳስ ላይ ከታሰረ ኳሱ ተገንጥሎ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

በዚህ ምድር ክብደት ምን እንደሚያስከትል ታሪክ ይመሰክራል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል፤ እንዲያልፍም መንገድ መጠረግ ነበረበት። የፒክአፕ የመጫን አቅም አንድ ቶን አካባቢ ሲሆን ሰውም ከዚያ ይቆጠራል። ባሌስትራ የሚጠነክረው ካሶኒው ዘወትር የሚከብድ ከሆነ ነው፤ ድንኳን፣ ምድጃና ውኃ ብቻ ለሚጭን መኪና ጠንካራ ባሌስትራ ማንገጫገጭ ያመጣል። መኪናን ከፍ ማድረግም በጎን ተዳፋት ላይ መገልበጥን ያቀርባል።

ዊንች ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዛፍ ይፈልጋል፤ የጉና አናትም የፎገራ ማሳም ትልቅ ዛፍ አይበዛባቸውም። የሞተር አየር ማስገቢያን ከፍ የሚያደርገው ቱቦም በክረምት የሞላን ርብ ለመሻገር ፈቃድ አይሆንም። ተጨማሪ መብራት ደግሞ ከብትና ሰው በሚበዛበት መንገድ ሌሊት መንዳትን ከማደፋፈር ያለፈ ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ያለው ይፈተሽ፦ የፍሬን ሸራና ዘይት፣ ራዲያተር፣ የፊት እግር ማርሽ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን እንዳይግል በከባድ ማርሽ መውረድ ወጪ የለውም። ባለመኪናው ጎማውንና ገመዱን ገዝቶ በበጋ፣ የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ጠይቆ ጥቂት ጊዜ ይውጣ፤ ቀጣዩን ዕቃ መኪናው ራሱ የተቸገረበት ቦታ ይነግረዋል።