መሣሪያው የላብ አደሩን ጣት ሲክድ

እንደሚታወቀው፣ ማናቸውም መሣሪያ የሚመዘነው ለሰፊው ሕዝብ በሚሰጠው ጥቅም ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ማደል የጀመረችው «አድሃር» የተባለ ዲጂታል መታወቂያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል፤ ዓላማውም ድጎማን ከመንገድ ላይ ዘረፋ አድኖ ለባለመብቱ ማድረስ ነበር። ነገር ግን በእህል ማከፋፈያው ሱቅ ደጃፍ ቅራኔ ተከሰተ፤ ድንጋይና አፈር አሻራውን የፋቀበትን ላብ አደር መሣሪያው ሳያውቀው ቀረ። አምራቹ በገዛ ላቡ ምክንያት እህል ተከለከለ ማለት ነው! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የመታወቂያውን ሕግ በአመዛኙ ቢያጸድቅም፣ አሻራ አልተነበበም ተብሎ ማንም ድርሻውን እንዳያጣ አሳስቧል። የእኛው ፋይዳ የቆመበት ሶፍትዌርም የተጠነሰሰው በዚያችው አገር፣ በባንጋሎር ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ትምህርቱንም እንውሰድ፤ መሣሪያው «አላውቅህም» ሲል፣ ጉዳዩን መርምሮ የሚወስንና በኃላፊነት የሚጠየቅ ሠራተኛ በየመስኮቱ ሊኖር ይገባል እንላለን።